የኤአይኤክስ ደብሊውፓር፦ አጥሩ የሚጠብቀውና የሚሳሳበት ቦታ

አይቢኤም በ2007 ከኤአይኤክስ 6.1 (የዩኒክስ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ) ጋር ያወጣው ደብሊውፓር (የሥራ ክፍልፋይ) አንዱን ሰርቨር ለብዙ ሥራዎች ይከፋፍላል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አይፒ፣ የራሱ ተጠቃሚዎችና የራሱ ሩት (የበላይ አስተዳዳሪ መለያ) አለው፤ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ግን የሁሉም አንድ ነው። በተመሳሳይ የስሪት ደረጃ የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ አፕሊኬሽኖች ላሉት ድርጅት እጅግ የሚያዋጣ መሣሪያ ነው። እርስ በርስ የማይተማመኑ ደንበኞችን በአንድ ማሽን ለማኖር ግን አንመክረውም። ከርነሉ ከወደቀ ሁሉም አብረው ይወድቃሉና፣ እዚያ ቦታ ኤልፓር (ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ከርነል የሚሰጠው ክፍፍል) ይሻላል።

መፍጠሩ ቀላል ነው። ለኤምኬደብሊውፓር ትዕዛዝ ስሙን፣ የኔትወርክ ካርዱንና አይፒውን ይሰጡታል፤ ቮልዩም ግሩፑንም (የዲስኮቹን ስብስብ) በጂ ምልክት መጥቀስ አይዘንጋ። ካልተጠቀሰ ፋይል ሲስተሞቹ ሩትቪጂ (የዋናው ሲስተም፣ ማለትም ክፍሎቹን የያዘው ኤአይኤክስ፣ ቮልዩም ግሩፕ) ላይ ይፈጠሩና ዲስኩን ያጣብባሉ። በስታርትደብሊውፓር ከተነሣ በኋላ ኤልኤስደብሊውፓር ሁኔታውን ኤ (ንቁ) ብሎ ማሳየት አለበት። ቢ ካሳየ ተሰብሯል ማለት ነው።

ትልቁ ጥንካሬው /ዩኤስአር እና /ኦፒቲ ከዋናው ሲስተም ተጋርተው ለንባብ ብቻ መከፈታቸው ነው። የክፍሉን ሩት የሰረቀ ሰርጎ ገብ እንኳ እዚያ ያሉትን ትዕዛዞች በራሱ ሊተካ አይችልም። ብዙ አስተዳዳሪዎችን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ /ዩኤስአር/ሎካል ውስጥ መጻፍ የሚፈልግ ሶፍትዌር መጫኑ መሐል ላይ ይቆማል። መፍትሔው ከዋናው ሲስተም ባዶ የ/ዩኤስአር/ሎካል ማውጫ ፈጥሮ፣ በሲአርኤፍኤስ ትዕዛዝ ለዚያ ክፍል ብቻ የሚጻፍበት ፋይል ሲስተም እዚያው ላይ ማዋል ነው። በኤል ምልክት ሙሉ የግል /ዩኤስአር መስጠትም ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ጥበቃ ይጠፋል፣ ፓች የመጫኑም ሥራ ይበዛል። ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ ይደረግ።

የክፍሉ ሩት ሥልጣን የተለካ ነው። ለምሳሌ የሲስተሙን ሰዓት መቀየር አይችልም። የተፈቀዱለትን መብቶች ኤልኤስደብሊውፓር በትልቁ ኤስ ምልክት ይዘረዝራል። አንድ አፕሊኬሽን በመብት እጦት ሲወድቅ የጎደለውን አንዱን መብት ለይቶ በሲኤችደብሊውፓር ትዕዛዝ መጨመር ነው። ለማፋጠን ሲባል ሁሉንም መክፈት አጥሩን እንደማፍረስ ይቆጠራል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አደጋ አለ። የክፍሉ ፋይሎች ከዋናው ሲስተም በ/ደብሊውፓርስ ሥር ይታያሉ። የክፍሉ ሩት የሴትዩአይዲ ቢት (ፕሮግራሙን በባለቤቱ ሥልጣን የሚያሠራ ምልክት) ያለው ፕሮግራም እዚያ ቢያስቀምጥ፣ የፋይሉ ባለቤት ቁጥር 0 (የሩት ቁጥር) ስለሆነ፣ በዋናው ሲስተም ላይ ያለ ተራ ተጠቃሚ ካገኘው እውነተኛ ሩት ሆኖ ያሠራዋል። ስለዚህ የ/ደብሊውፓርስ ማውጫ ፈቃድ 700 (ለባለቤቱ ብቻ የተከፈተ)፣ ባለቤቱም ሩት መሆኑን በኤልኤስ ያረጋግጡ። ማውጫውን ሌላ ቦታ ያደረገ ሰው በተለይ ይህን ይፈትሽ። በተጨማሪ፣ የዋናው ሲስተም ሩት በሲሎጊን ትዕዛዝ ያለ ይለፍ ቃል ወደ ማንኛውም ክፍል ይገባል፤ የዕለት ሥራ በኤስኤስኤች ቢሆን፣ የዋናው ሩት በጥቂት ሰው እጅ ቢቀር ይበጃል።

የሲፒዩ ድርሻ በሲኤችደብሊውፓር ይገደባል፦ 5%-20%,40% ሲባል ዝቅተኛው 5፣ ለስላሳ ጣሪያው (ሲፒዩው ሥራ ሲፈታ የሚታለፈው) 20፣ የማይታለፈው 40 ነው። የፕሮሰስ ብዛት ገደብም አብሮ ይቀመጥ፤ ራሱን እያባዛ የሚሄድ ፕሮግራም ጎረቤቶቹን እንዳያፍን።

ዋናው ሲስተም ሲሻሻል የተጋራው /ዩኤስአር አዲስ ይሆናል፣ የክፍሎቹ /ኢቲሲ እና /ቫር ግን አሮጌ ሆነው ይቀራሉ። ሲንክደብሊውፓር በትልቁ ኤ ምልክት ሁሉንም ያስተካክላል። ይህ ሳይደረግ የሚነሣ ክፍል ምክንያቱ የማይገባ ስህተት ያወጣል።

በሴቭደብሊውፓር የሚወሰደው ባክአፕ የተጋሩትን /ዩኤስአር እና /ኦፒቲ አያካትትም። በሬስትደብሊውፓር ሲመለስ የሚቀበለው ሰርቨር በተመሳሳይ ደረጃ ላይ መሆን ስላለበት፣ የኦኤስሌቨል (የስሪት ደረጃውን የሚያሳየው ትዕዛዝ) ውጤት ከባክአፕ ፋይሉ ጋር ተጽፎ ይቀመጥ።