ሃኒዌል ፒቲኤም7950፦ ለላፕቶፕ ከቴርማል ፔስት ይመረጣል

ፒቲኤም7950 በቴርማል ፔስት (ፕሮሰሰር ላይ በሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ፈንታ የሚገባ፣ ሙቀት አስተላላፊ ደቃቅ ቅንጣቶችን የያዘ ስስ ሉህ ነው። 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልስና በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ (ሙቀቱን ተቀብሎ በሚያስወጣው ብረት) መካከል ያለውን፣ በዓይን የማይታይ የአየር ክፍተት ይሞላል። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 8.5 ዋት በሜትር ኬልቪን ተብሎ ተመዝግቧል። 12.5 የተጻፈበት ፔስት አለ ብሎ ይህን መናቅ ግን ስህተት ነው፤ ወሳኙ የንብርብሩ ስስነትና ዕድሜው ነው። ቺፑ ሲሞቅ እየተለጠጠ፣ ሲቀዘቅዝ እየተሰበሰበ ተራ ፔስትን ቀስ በቀስ ወደ ጠርዝ ይገፋዋል። ይሄኛው ግን ሲለሰልስም ብዙ ስለማይቀጥን እምብዛም አይሸሽም።

አገጣጠሙ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አሮጌውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ። ሉሁን ከነሽፋኑ 10 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ካልቀዘቀዘ ፕላስቲኩ ሲላጥ አብሮት ይቀደዳል። በቺፑ ልክ ቁረጡ፤ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ትንሽ ቢተርፍ ችግር የለም። ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። መጀመሪያ ላይ ሙቀቱ ከፍ ቢል አትፍቱት፤ በከባድ ሥራ ጥቂት ጊዜ መሞቅና መቀዝቀዝ ይፈልጋል።

ለሚሞሪ ቺፖች አይሆንም። እዚያ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ወፍራም ቴርማል ፓድ (ለስላሳ ሙቀት አስተላላፊ ንጣፍ) ግዙ።