ለቤት ጨለማ ክፍል የትኛው ገንዳ ይሻላል፦ አይዝጌ ብረት፣ ፕላስቲክ ወይስ እንጨት?

ፎቶ ለሚያትምበት ጨለማ ክፍል ገንዳ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማቴሪያሉ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሜትር ያዙ እላለሁ። 20 በ25 ሴንቲ ሜትር የፎቶ ወረቀት ለማተም የዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል)፣ የስቶፕ (ዴቨሎፐሩን የሚያቆመው)፣ የፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው) እና የውሃ ትሪዎች ጎን ለጎን መደርደር አለባቸው። እያንዳንዳቸው በጠባብ ጎናቸው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚይዙ ከ120 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ገንዳ እጅ አያፈታታም። የወጥ ቤት ገንዳ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ጥልቅና ጠባብ ስለሆነ አራቱ ትሪዎች ጎን ለጎን አይቀመጡበትም። ለጨለማ ክፍል 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል።

አይዝጌ ብረት የባለሙያዎች ምርጫ ሆኖ ኖሯል፤ ሲጸዳም ደስ ይላል። ሆኖም ሁሉም አንድ አይደለም። ለወጥ ቤት ዕቃ የተለመደው 304 የሚባለው ነው፤ ፊክሰር ጠርዙ ላይ ጠብ ብሎ ከደረቀ ቡናማ ነጥብ ይጥላል፣ ቆይቶም ጥቃቅን ጉድጓድ ይቆፍራል። 316 የሚባለው ሞሊብዲነም የተሰኘ ብረት ስለተጨመረበት በጣም የተሻለ ይቋቋማል። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ካልነገራችሁ 304 ነው ብላችሁ አስቡ፤ ከገዛችሁትም ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ በውሃ አለቅልቁት።

ፕላስቲክ አሲድ አይጎዳውም፤ ቀላል ስለሆነም አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። ተከራይ ለሆነና ነገ ቤት ለሚቀይር ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ድክመቱ መሐሉ መርገቡ ነው። 120 በ60 የሆነ ገንዳ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲይዝ 72 ኪሎ ይሸከማል፤ ስሱ ፕላስቲክ ይህን ሲችል ይጎብጣል፣ ውሃውም ወደ ማፍሰሻው መሄዱን ትቶ መሐል ላይ ይቋጥራል። ስለዚህ ከሥሩ ሙሉ ጣውላ አንጥፉለት። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሲሊኮን አይዘውም፤ በሙቀት መበየድ አለበት።

ጠባብ ክፍል ላለው ሰው የእኔ ምርጫ ግን እንጨት ነው። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ተቆርጦ በሙጫና በብሎን ይያያዛል፤ ማዕዘኖቹ በፋይበርግላስ ጨርቅ ተሸፍነው ሁለት ሦስት እጅ ኤፖክሲ ይቀባሉ። ከግድግዳችሁ ልክ ጋር የሚገጥም ገንዳ በሱቅ አይገኝም፤ ይህ ግን ይገጥማል። ጠርሙስ ቢወድቅበት እንደ ብረት አይጨክንም፣ ከትሪው ሥርም ሙቀት አይሰርቅም፤ ዴቨሎፐሩን 20 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው፦ ቅቡ ከተጫረ ውሃ ሰርጎ ኮምፔንሳቶውን ያሳብጠዋል። ጭረት ስታዩ ወዲያው በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ እንደገና ቀቡ። ኤፖክሲ ስትቀቡ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ።

ፕላስቲክ ለበስ (RC) የፎቶ ወረቀት ብቻ የሚያትም ሰው እስከ ቧንቧ ድረስ መጨነቅ የለበትም። ጥቂት ደቂቃ መታጠብ ስለሚበቃው ህትመቱን ውሃ ባለበት ባልዲ አጠራቅሞ ወደ መታጠቢያ ቤት መውሰድ ይችላል፤ ጠርዝ ያለው፣ ቧንቧ የሌለው ደረቅ ገንዳም ይበቃዋል። ፋይበር ወረቀት (ፕላስቲክ ያልለበሰው) ግን እስከ አንድ ሰዓት ወራጅ ውሃ ሊፈልግ ስለሚችል ቧንቧና ማፍሰሻ ግድ ናቸው።

የትኛውንም ብትመርጡ የማፍሰሻው ቱቦ ፒቪሲ ይሁን። መዳብንና ናስን ፊክሰር ይበላቸዋል። ገንዳው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ያዘንብል። ያገለገለ ፊክሰር ብር ስለሚይዝ በዚያ ቱቦ አይሂድ፤ በፕላስቲክ ጀሪካን አጠራቅማችሁ የኬሚካል ቆሻሻ ለሚቀበል ክፍል አስረክቡ።