ፑንቲናን የሚተካ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ፦ በሐረር ፔጆ 404 ላይ የተደረገ ሙከራ

ይህ ግምገማ ድሬዳዋ ከሚገኝ የመለዋወጫ መደብር ተገዝቶ ሐረር ውስጥ በአንድ ፔጆ 404 ላይ ስለተገጠመ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ነው። ዕቃው ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ፑንቲናውን (ኤሌክትሪኩን እየከፈተ የሚዘጋውን ትንሽ ማብሪያ) እና አብሮት የሚሠራውን ኮንደንሰር አስወጥቶ በቦታቸው የሚገባ ትንሽ ጥቁር ሞጁልና እዚያው ውስጥ ከሚዞረው ሮተር ሥር የሚቀመጥ ባለ ማግኔት ቀለበት ነው። ተመሳሳይ ዕቃ በብዙ ፋብሪካዎች ስለሚመረትና ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ለሁሉም ስለሚሠራ የአምራቹን ስም አልጠቅስም። ፍርዴን ላስቀድም፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ የተከፈለበትንም ያወጣል፤ ሆኖም የኤሌክትሪክ መስመሩ ባረጀ መኪና ላይ ምንም ሳይስተካከል ከተገጠመ ቶሎ ይቃጠላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ወቀሳው በሙሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል።

404ን ሐረር ላይ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በታክሲነት ከተማዋን ለብዙ ዓመታት ያገለገለ መኪና ነው። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው ይህ መኪና ቅርጹን ያገኘው ከጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ሲሆን፣ 1618 ሲሲ የሆነው ሞተሩ ከኮፈኑ ሥር 45 ዲግሪ ጋደል ብሎ የተቀመጠ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ ማሸነፉ ስለ ጥንካሬው በቂ ምስክር ይመስለኛል። ማቀጣጠያው ግን በዘመኑ እንደነበሩት መኪኖች ሁሉ በፑንቲና የሚሠራ ነው፤ ፑንቲና ደግሞ በየጊዜው እጅ የሚፈልግ ዕቃ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሥራውን ማየት ይበቃል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር በደቂቃ 6000፣ በሴኮንድ ደግሞ 100 ብልጭታ ይፈልጋል፤ ፑንቲናውም ያንን ያህል ጊዜ መከፈትና መዘጋት አለበት። በተከፈተ ቁጥር በቦቢናው (የባትሪውን ቮልት ከፍ በሚያደርገው መጠምጠሚያ) ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፣ በዚያም ቅጽበት ቦቢናው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት አመንጭቶ በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ ወደሚሰጠው ካንዴላ ይልካል። የፑንቲናው ፊት እየተቃጠለ ይቦረቦራል፤ ከሻፍቱ (በዲስትሪቢዩተሩ መካከል ከሚዞረው ዘንግ) ጋር የሚፋተገው ጠንካራ ፕላስቲክም እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል። ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው ዘግይቶ ስለሚከፈት ብልጭታውም ይዘገያል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይሞቃል፣ ቤንዚንም ይጨርሳል። ሾፌሩ ግን ለውጡ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ መኪናው «አረጀ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ አይመለከትም። ኮንደንሰሩ የተበላሸ እንደሆነ ደግሞ ብልጭታው ይደክማል፣ አዲስ የተገጠመ ፑንቲናም በአጭር ጊዜ ይጠቁራል። በአሁኑ ጊዜ በገበያ የሚገኙ አንዳንድ ኮንደንሰሮች ጥራት ከድሮዎቹ ጋር የሚወዳደር አለመሆኑ ወደ ኤሌክትሮኒክ ለመሻገር ካነሳሱኝ ምክንያቶች ዋናው ነው።

አገጣጠሙ አስቸጋሪ አይደለም። ክዳኑና ሮተሩ ይነሳሉ፣ ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ ይፈታሉ፣ ሞጁሉ በዚያው ብሎን ይታሰራል፣ ቀለበቱም በሻፍቱ ላይ ተጭኖ ይገባል። በቀለበቱና በሞጁሉ መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው አብሮ በሚመጣው ቀጭን ፕላስቲክ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት፦ ሻፍቱን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ጎንና ወደ ጎን መነቅነቅ። ጥቂት መወዛወዝ ለፑንቲና መርዝ ነው፣ ክፍተቱን በየዙሩ ይለዋውጠዋልና፤ ማግኔቱ ግን ይታገሠዋል። ውዝዋዜው በዓይን የሚታይ ከሆነ ግን ቀለበቱ ሞጁሉን መፋቅ ይጀምራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ቡሽንጉን (ሻፍቱ የሚዞርበትን መቀመጫ) ማስቀየር ይገባል። ሞጁሉ ከተገጠመ በኋላ የብልጭታው ጊዜ ከፑንቲናው ጊዜ ጋር አንድ ስለማይሆን ታይሚንጉ (ብልጭታው የሚመጣበት ቅጽበት) ለዚሁ በተሠራ መብራት እንደ አዲስ መስተካከል አለበት፤ በጆሮ ብቻ የሚያስተካክል መካኒክ፣ የቱንም ያህል ጆሮው የሰላ ቢሆን፣ ለዚህ ሥራ አይበቃም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሞጁሉ ከቁልፉ የሚመጣለትን ሙሉ 12 ቮልት ይፈልጋል። በዚህ መኪና ላይ ቁልፉ ተከፍቶ በባትሪው ላይ 12.5 ቮልት ሲነበብ፣ በቦቢናው ፖዘቲቭ ላይ የተነበበው ግን 10 ቮልት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ልዩነቱን የበሉት ያረጀው የቁልፍ ማስነሻና የዛገው የገመድ ጫፍ ናቸው። ፑንቲና ይህን ችሎ ይሠራል፤ ሞጁል ግን በተለይ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ባትሪውን በሚስብበት ቅጽበት ይደነቁራል፣ መኪናውም ይዞራል እንጂ አይነሳም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አንድ ሪሌ (በጥቂት ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ብዙውን የሚያስተላልፍ ማብሪያ) ይገዛል፣ 30 ቁጥሩ በፊውዝ በኩል ከባትሪ፣ 87 ቁጥሩ ከቦቢናው ፖዘቲቭና ከሞጁሉ ቀይ ገመድ፣ 86 ቁጥሩ ከአሮጌው የቁልፍ ገመድ፣ 85 ቁጥሩም ከማሳ (ከመኪናው ብረት አካል) ጋር ይገናኛል። ከዚህ በኋላ አሮጌው ገመድ የሚሸከመው ሪሌውን የሚቀሰቅስ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ቦቢናው ነው። ተቃውሞው ሦስት ኦም ገደማ የሆነ ቦቢና ከ12 ቮልት የሚስበው አራት አምፔር ብቻ ሲሆን፣ አንድ ተኩል ኦም የሆነውና ኤሌክትሪኩን ከሚቀንስ ሬዚስተር ጋር እንዲሠራ የተሠራው ግን ሬዚስተሩ ከወጣ ስምንት አምፔር ይስባል፤ ለእንዲህ ያለው ቀላል ሞጁል ይህ የሞት ፍርድ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ በመለኪያ መለየት ግድ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቶ ሬዲዮ ማዳመጥም ከእንግዲህ የሚያስከፍል ልማድ ነው፤ ቦቢናውንም ሞጁሉንም ያግላል። የካንዴላ ገመዶቹም ሬዚስተር ያላቸው መሆን አለባቸው፤ ተራ የመዳብ ገመድ የሚረጨው ረብሻ ሞጁሉን ያሳስተዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መኪናው ምን ሆነ? ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ረግቷል፤ ጠዋት በሐረር ብርድ ሞተሪኖው ገና ከመነካቱ ይነሳል። ለውጡ በይበልጥ የታየው ግን ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስትሆን መንገዱ ተጠማዝዞ ከ800 ሜትር ያላነሰ ይወጣል። ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ተጭኖ ሲወጣ ይቆራረጥ የነበረው ሞተር አሁን ሳይንተፋተፍ ይወጣል። የፈረስ ጉልበት ተጨመረ ግን አልልም፤ የተጨመረ ነገር የለም፣ የጠፋው ተመለሰ እንጂ።

በዚህ መንገድ ላይ የሚቆም መኪና ሁሉ በማቀጣጠያ ምክንያት የቆመ እንዳይመስለን ደግሞ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሙቀት የሚደክም ቦቢና ሲግል ብልጭታው ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በቤንዚን ፓምፑና በካርቡራተሩ ውስጥ የሚፈላ ቤንዚንም ልክ እንደዚሁ ያደርጋል፦ መኪናው ይሞታል፣ ግማሽ ሰዓት ከቆመ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው እንደቆመ ወዲያውኑ ነው። አንድ የካንዴላ ገመድ ተነቅሎ በትርፍ ካንዴላ ላይ ይሰካል፣ የካንዴላው ብረት ከሞተሩ ጋር እንዲነካ ተደርጎ ሞተሪኖው ይመታል። ሰማያዊና የሚንጣጣ ብልጭታ ከታየ ጥፋቱ የቤንዚን ነው፤ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ወደ ቦቢናውና ወደ ሞጁሉ ይኬዳል። እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ መፈተሽ ምንም አይነግርም። በሌላ በኩል ለድሬዳዋ የተስተካከለ ካርቡራተር ሐረር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይይዛል፤ ይህን አይቶ ሞጁሉን የሚወቅስ መካኒክ አጋጥሞኛል፣ ጉዳዩ ግን የካርቡራተሩ ነበር።

በዕቃው ላይ ያለኝ ቅሬታ ሁለት ነው። ገመዶቹ አጭር ናቸው፣ የመመሪያው ወረቀትም ቀይና ጥቁሩ ቢገለባበጡ ሞጁሉ እንደሚቃጠል የሚናገረው በደቃቅ ፊደል ከታች ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ሞጁል እንደ ፑንቲና ቀስ እያለ የማይደክም መሆኑ ነው፤ ሲሞት ባንድ ጊዜ ይሞታል፣ በመንገድ ላይም በብርጭቆ ወረቀት አይጠገንም። ስለዚህ የወጣው ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ፣ ከነብሎኑና ከአንድ ጠመንጃ መፍቻ ጋር በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ከሐረር ወጣ ብሎ ለገጠር መንገድ ብቻ የሚያገለግል መኪና ያለው ሰው፣ ፑንቲናውን ራሱ ማስተካከል ከቻለ፣ በአሮጌው ቢቆይ እመርጣለሁ።

ስለ መደብሩም ጥቂት ልበል። ዋጋው ከአንድ ፑንቲና በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሻጩ ስለ ቦቢናው ኦም ምንም አልጠየቀም፣ ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃም አይመለስም። ይሁን እንጂ ከመክፈል በፊት እዚያው እንዲፈተሽ ሲጠየቅ ያለማንገራገር ፈቅዷል። ፍተሻውም ቀላል ነው፦ የሞጁሉ ብረት መሠረት ከባትሪ ኔጋቲቭ፣ ቀዩ ገመድ ከፖዘቲቭ ይያያዛል፣ ትንሽ አምፖል በጥቁሩ ገመድና በፖዘቲቩ መካከል ትገባለች፣ ከዚያ ቀለበቱ በሞጁሉ ፊት ይዞራል። አምፖሏ ከማግኔቶቹ ጋር እየበራች የምትጠፋ ከሆነ ይገዛል፤ በርታ ከቀረች ወይም ጭራሹን ካልበራች ሌላ እንዲያወጣ ይጠየቃል።