ያማሃ ዋይዜድ 450ኤፍ ወይስ ሆንዳ ሲአርኤፍ 450አር፦ በአየር መግቢያና መውጫቸው ሲለኩ

ዴንቨር ያሉ ጓደኞቼ ለሞቶክሮስ፣ ማለትም በአፈር ሜዳ ለሚደረግ የሞተር ብስክሌት ውድድር፣ ብር ባጠራቀሙ ቁጥር ከእነዚህ ሁለት ሞተር ብስክሌቶች የትኛውን እንግዛ ብለው ይጠይቁኛል። መልሴ ያማሃ ነው። የ2023 ሞዴሎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲወጡ ያማሃው 9,899፣ ሆንዳው 9,599 ዶላር ነበር። ያችን 300 ዶላር ጨምሩ የምለው ሞተሩ አየር ለሚስብበት መንገድ ነው።

ያማሃ ከ2010 ጀምሮ የዚህን ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) አዙሮታል፤ አየር ከፊት ይገባል፣ ማርሚታው ከኋላ ይወጣል። ፊልትሮው (የአየር ማጣሪያው) ከወንበሩ ፊት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ የኋላ ጎማ የሚረጨው አሸዋ ብዙም አያገኘውም። የሆንዳው ፊልትሮ እንደ ድሮው ከወንበር ሥር ነው። ከአቧራማ ውሎ በኋላ የግራ ጎኑን ስከፍተው የፊልትሮው ጠርዝ ላይ ደቃቅ አፈር ከቅባቱ ጋር ተጋግሮ ይጠብቀኛል። ያ አፈር ሾልኮ ከገባ ፒስተንና ሲሊንደር ይበላል፤ የዚያ ጥገና ደግሞ በ300 ዶላር አያልቅም። ያማሃው አየር ሲስብ ድምፁ ጆሮ ሥር ነው፣ እሱን ትለምዱታላችሁ።

ሆንዳም በማቀዝቀዣው በኩል አልተኛም። ከ2021 ጀምሮ ራዲያተሩን ከጎን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ከታች በኩል ቀዳዳ አለው። ራዲያተር ከፊት አየር ስለገባለት ብቻ አይበርድም፤ የሞቀው አየር ከጀርባው መውጫ ካላገኘ አዲሱ አይገባም። እነዚህ ሞተሮች ማራገቢያ የላቸውም፣ ያላቸው የጉዞው ንፋስ ብቻ ነው። የዴንቨር አየር ደግሞ ከባሕር ጠረፉ በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ጉልበትም ይቀንሳል፣ ማቀዝቀዙም ይደክማል።

ያገለገለ የምትገዙ ግን ከሁለቱም በላይ ኮፒ ፕላስቲክ፣ ማለትም ፋብሪካው ያልሠራውን የራዲያተር መሸፈኛ፣ ፍሩ። አንድ ጓደኛዬ በርካሽ ያገኘው ሆንዳ ጎኑ አዲስ ይመስል ነበር። ጠባብ ኩርባ ላይ በዝግታ ሲነዳው ውሃው ፈልቶ በትርፍ ቱቦው ይተፋል። ፕላስቲኩን ስንፈታው የአየር መውጫው ቀዳዳ ጭራሽ አልተበሳም፤ ቦታው ላይ ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ብቻ ነበር። የብሎን ቀዳዳዎቹም ስለማይገጥሙ በግድ ተስቦ ታስሮ ራዲያተሩን ገፍቶታል። ኮፒው የ45 ዶላር ዕቃ ነው፤ ጓደኛዬ ግን ራዲያተር ለወጠ፣ ኦሪጅናሉን ፕላስቲክ ገዛ፣ የእጅ ዋጋም ከፈለ።

ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት ጣታችሁን በእያንዳንዱ ቀዳዳ አሳልፉ። በእጅ ባትሪ የራዲያተሩን ስስ ቅጠሎች እዩ፤ በኃይለኛ ውሃ ሲታጠብ የተኛ ቅጠል አየር አያሳልፍም፣ ጥቂቱን ግን በቀጭን ነገር ቀስ ብሎ ማቃናት ይቻላል። የፊልትሮውን ክዳን ክፈቱና ከፊልትሮው በስተጀርባ፣ ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ አፈር ይዞ ከወጣ ያማሃም ቢሆን ተዉት።