የጉድጓድ ጋማ መለኪያው ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን መለኪያ በዩራኒየም ፍለጋ ጉድጓዶች ውስጥ ማውረድ ከጀመርን ወራት አልፈዋል። ቆጠራው ይታመናል። ቁጥሩን ወደ ማዕድን መጠን የመለወጡ ኃላፊነት ግን ሙሉ በሙሉ በተጠቃሚው ጫንቃ ላይ ነው።

የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታሉ ጋማ ጨረር ባረፈበት ቁጥር ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው ተቆጥሮ በኬብሉ ወደ ላይ ይደርሳል። አንዱን ጉድጓድ ደጋግመን ስንለካ መስመሮቹ ይደራረባሉ። ማዕድኑ ያለበት ድንጋይ ተሰባብሮ ናሙናው በቁፋሮ ሲጠፋ፣ ክፍተቱን የሚሞላልን ይኸው መሣሪያ ነው።

አዲስ ገዢ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ የሚቆጠረው ራሱ ዩራኒየም አለመሆኑን ነው። የዩራኒየም 238 የራሱ ጋማ ደካማ ስለሆነ፣ መሣሪያው በአብዛኛው የሚያየው ውላጆቹን፣ ማለትም ዩራኒየም ሲከስም በተራ ከሚፈጠሩት ንጥረ ነገሮች ከራዲየም በኋላ የሚመጡትን እርሳስ 214ን እና ቢስሙዝ 214ን ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ዩራኒየሙን አጥቦ ራዲየሙን ትቶ ከሄደ፣ ባዶው ድንጋይ ሀብታም መስሎ ይታያል። በቅርብ ጊዜ የተከማቸው ማዕድን ደግሞ ድሃ ይመስላል፤ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ውጤቱን «ተመጣጣኝ ዩራኒየም» ብለን እንመዘግባለን፤ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ መላክንም አናቆምም።

ራዶንም ያስቸግራል። በ3.8 ቀን ግማሹ የሚከስመው ይህ ጋዝ በጉድጓዱ ሲጠራቀም ንባቡን ከላይ እስከ ታች ከፍ ያደርገዋል። ጉድጓዱን በንጹሕ ውኃ አጥበን፣ የቀሩት አጭር ዕድሜ ያላቸው ውላጆች እስኪከስሙ ጥቂት ሰዓት እንጠብቃለን። ቁፋሮው ሲያጣድፍ ይህን ትዕግሥት ማስከበር ከባድ ነው፤ እኔ ግን አልደራደርበትም።

ትልቁ ቅሬታዬ ያለው በጣም ሀብታም በሆነው ንብርብር ላይ ነው። ጨረሩ ሲበዛ ቆጣሪው አንዱን ብልጭታ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል፣ ያልፈዋልም፤ ንባቡም ከእውነተኛው ያንሳል። መመሪያው ለዚህ የሰጠው አንዲት ቀጭን አንቀጽ ናት። የብረት ቱቦውና ውኃው ለሚውጡት ጨረር የሚደረገውን ማረሚያም ራሳችን አዘጋጀን። ሁለተኛ፣ አነስተኛ የጋይገር ቱቦ (ጥቂቱን ጨረር ብቻ ስለሚቆጥር በሀብታም ንብርብር ቶሎ የማይጨናነቅ ጨረር ቆጣሪ) ቢጨመርበት ብዙ ይቀል ነበር።

ይዘታቸው የታወቀ የመፈተሻ ጉድጓዶች እንደ ኮሎራዶዋ ግራንድ ጀንክሽን ባሉ ስፍራዎች ተሠርተዋል፤ እንዲህ ያለ ልኬት ያላለፈ መሣሪያ አትግዙ። ክሪስታሉን ከድንገተኛ የሙቀት ለውጥና ከእርጥበት ጠብቁት፣ ይሰነጠቃል። ራዲየሙና ዩራኒየሙ የተለያዩበት ክምችት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን ዩራኒየም 235ን በቀጥታ ለሚለካው የኒውትሮን መሣሪያ አቆዩት።