አር ቢ ወይስ ፒ 53፦ የትኛው ዘበኛ ይሻላል?

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘው የሚከራከሩ የባዮሎጂ ተማሪዎች ጥያቄ ነው። ሁለቱም ሕዋስ እንዳሻው እንዳይከፋፈል የሚጠብቁ ፕሮቲኖች ናቸው።

ሥራ፦ አር ቢ በር ላይ ይቆማል። ኢ2ኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ጨብጦ ይይዛል፤ እሱ ካልተለቀቀ ዲኤንኤ መቅዳት አይጀመርም። የእድገት መልእክት ሲመጣ ሲዲኬ የተባሉ ኢንዛይሞች ፎስፌት ይለጥፉበታል፤ ያኔ ይለቀዋል። ፒ 53 ግን በደንብ የሚነቃው ችግር ሲፈጠር ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ፒ 21 የተባለውን ፕሮቲን አሠርቶ ክፍፍሉን ያስቆማል። ጉዳቱ ከባሰ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ቀልድ አያውቅም፤ እኔስ እሱን እወደዋለሁ።

ሲበላሹ፦ የአር ቢ ሁለቱም የጂን ቅጂዎች ሬቲና ውስጥ ሲጠፉ ሕፃናትን የሚይዝ የዓይን ካንሰር ይመጣል። ፒ 53 በግማሽ ያህሉ የሰው ካንሰር ተበላሽቶ ይገኛል። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ ደግሞ አይመርጥም፤ ሁለቱንም ይመታል።

ለጥናት፦ የሕዋስ ዑደትን፣ ማለትም ሕዋስ የሚያድግበትንና የሚከፈልበትን ሂደት፣ መማር ለሚጀምር አር ቢ ይቀላል። ጨረር ሕዋስን እንዴት እንደሚገድል ለሚጠይቅ ፒ 53 ይሻላል። የጡት ካንሰር መድኃኒቱን ፓልቦሲክሊብን ለመረዳት ግን ወደ አር ቢ መመለስ ግድ ነው፤ ሲዲኬ 4ንና 6ን አግዶ አር ቢን በሩ ላይ ያቆየዋል።