ሽማግሌ ወይስ ፖሊስ?

ባል ሚስቱን ሲመታ እኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ቅርብ ነው፣ ወጪ የለውም፣ ትዳርም አያፈርስም ይባላል። ግን ጋቢያቸውን ደርበው ቡና እየጠጡ «አንተም ተው፣ አንቺም ቻይ» ብለው ሲያስታርቁ፣ በር ሥር ቆሞ የሚሰማውን የሰባት ዓመት ልጅ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እሱ ደግሞ ማታ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር አልጋው ላይ ይሸናል፣ ትምህርት ቤት እኩዮቹን ይደበድባል።

ፖሊስ ጋ መሄድ ያደክማል። ምስክር፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ምልልስ፤ «የቤታችሁን እዛው ጨርሱ» የሚልም አይጠፋም። ቢሆንም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል፣ መዝገብም ይቀራል።

እኔ ለኩርፊያና ለገንዘብ ጭቅጭቅ ሽማግሌ እጠራለሁ። ዱላ ከተነሳ ግን ፖሊስ፣ ያውም በዚያው ቀን።